የጾም ምግቡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያልቅበት ምግብ ቤት

ይህ ግምገማ በጅማ ከተማ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ ስለሚገኝ አንድ ምግብ ቤት የተጻፈ ነው። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ከምስጋናው ጋር የማቀርበው ወቀሳ አለኝና፣ ወቀሳውም ከባለቤቷ ይልቅ ወደ እኛ ወደ ተመጋቢዎቹ የሚያደላ ስለሆነ፣ የአንዲትን ነጋዴ በር በጣት ማሳየት አግባብ መስሎ አልታየኝም። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ ማለትም ከየካቲት 17 እስከ ሚያዝያ 11 በነበሩት 55 ቀናት ውስጥ፣ ከ20 ጊዜ በላይ በዚህ ቤት ተመግቤአለሁ። ከዚያ በፊትም በሰኔው ጾምና በፍልሰታ ደጋግሜ ገብቻለሁ። ስለዚህ አስተያየቴ የትኛው ጠረጴዛ እንደሚወዛወዝ እስከ ማወቅ የደረሰ ደንበኛ አስተያየት ነው።

ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ብዙም አይጋብዝም። የቆርቆሮ አጥሩን አልፈው ሲዘልቁ ግን አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ግቢውን ጥላ አልብሶት ያገኙታል፤ ከዛፉ ሥር 5፣ ከውስጥ ደግሞ 9 ጠረጴዛዎች አሉ። በስተቀኝ ባለው ጥግ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት የቡና ስፍራ ተዘጋጅቷል፤ ዙሪያውን የተደረደሩት ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የሚወጡት ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማዎች ናቸው። የእጅ መታጠቢያው ውኃ ተቋርጦ አላየሁም፣ ሳሙናም አይጠፋበትም። ይህ በከተማችን እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ሰው በብዛት የሚመጣው ለበያይነቱ ነው፤ ዋጋውም በዚያ ሰሞን 180 ብር ነበር። እንጀራው ከጤፉ ጋር ሌላ እህል እንደ ገባበት ምላስ ያውቀዋል፤ ይሁን እንጂ ዓይኑ የበዛ፣ እርሾው ልኩን የጠበቀ፣ ሲቆርሱትም የማይፈረፈር ነው። ምስር ወጡ ያልተቸኮለበት ወጥ ነው፤ ሽንኩርቱ በራሱ ውኃ በስሎ ካበቃ በኋላ በርበሬው ገብቶ ቀስ እያለ እንደ ተቁላላ ከመልኩ ይታወቃል። አልጫው ግን ብዙ ቀን ጨው ያንሰዋል፣ ቀይ ሥሩም ከማታ የተቀቀለ ይመስላል። ስልጆው፣ ያ በሁዳዴ ካልሆነ ብዙም የማናገኘው ከባቄላ ዱቄት በሰናፍጭ የሚብላላ ማባያ፣ አፍንጫን ሰንጥቆ የሚወጣና ደፋር ነው። ሽሮው በትንሽ የሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይቀርባል፤ ከሙኑ ትንሽ በዝቷል የሚሉ ደንበኞች አሉ፣ ለእኔ ግን ልክ ነው።

የቤቱ ትልቁ ነገር ሱፍ ፍትፍቱ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ደርሼ፣ ከወጥ ቤቱ ኋላ በተከፈተው መስኮት በኩል አንዲት እናት ሲያዘጋጁት አይቻለሁ። የታመሰውን ሱፍ በሙቀጫ ወቅጠው፣ በውኃ በጥብጠው፣ በንጹሕ ጨርቅ እየጨመቁ አጠለሉት፤ የቀረውን ገለባ ወደ ሙቀጫው መልሰው እንደገና ወቀጡትና ከእርሱ የወጣውን ቀጠን ያለ ሁለተኛ ውኃ ለብቻው አስቀመጡት። የመጀመሪያው ወፍራም ወተት ለፍትፍቱ፣ ሁለተኛው እንጀራው ሲጠጣውና ሲደርቅ ለማለስለሻ ነው። በመፍጫ ማሽን በ5 ደቂቃ የሚያልቀውን ሥራ እንዲህ የሚደክሙበት ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ማሽን ቅባቱን ያሞቀውና ይመረዋል፣ ልጄ» አሉኝ። ቃሪያውና ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ ገብቶበት ሲቀርብ፣ ከወተት የተከለከለ ሰው ወተትን የሚረሳበት ምግብ ነው።

ወተትን መርሳትና ወተትን ማስመሰል ግን ለየቅል ናቸው። በዚህ ቤት የምግብ ዝርዝር ሁለተኛ ገጽ ላይ «የጾም» የሚለው ቃል 11 ጊዜ ተጽፏል፤ ቆጥሬዋለሁ። የጾም ማኪያቶ፣ የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛ፣ ከአኩሪ አተር የተሠራ የጾም ክትፎ፣ ሌላው ቀርቶ ከክትፎው ጎን የምትቀመጥ የጾም አይብ ሳትቀር አለች። ክትፎውን አንድ ጊዜ አዝዣለሁ። ሚጥሚጣውና ኮረሪማው በሚገባ ተመጥኗል፣ ዘይቱም ቅቤ እንዲመስል በቅመም ተነጥሯል፤ ዓይኑን ጨፍኖ የበላ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ዋጋው ከበያይነቱ እጥፍ ይበልጣል። በምግብ ሙያ ረገድ እጅ የሚያስነሣ ሥራ ነው። ነገር ግን ትሪውን ጨርሼ ስነሣ፣ ጾሜን ሳልሽር ከጾም አንዳችም ነገር ሳላገኝ እንደ ወጣሁ ተሰማኝ። ቅበላ ዕለት ሥጋ ቤት ተሰልፎ ጥሬ ሥጋውን የተሰናበተ ሰው፣ በሳምንቱ የአኩሪ አተሩን ክትፎ ሲያዝ የተሰናበተው ነገር የቱ እንደሆነ ያጠራጥራል።

የዚህ ግምገማ ዋና ጉዳይ ግን ከምግቡ ይልቅ ሰዓቱ ነው። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ጾምን ሲተረጉም አስቀድሞ የሚያነሣው፣ ሰው በሕግ በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከሉን ነው። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ የሚገባው፣ ምእመኑም ቢያንስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል ተብሎ የሚጠበቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የሥጋው፣ የወተቱና የቅቤው ነገር የሚከተለው ከዚያ ወዲያ፣ ለሚበላው ምግብ ዓይነት ነው። እኛ ግን ሁለተኛውን ይዘን የመጀመሪያውን ለቀናል። ጾም ስንል «ምን ትበላለህ?» ማለታችን ሆኗል፤ «መቼ ትበላለህ?» የሚለው ለካህናትና ለአረጋውያን የተተወ ይመስላል።

ምግብ ቤቱ ይህን ከማንኛችንም ቀድሞ አውቆታል። ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ 14ቱም ጠረጴዛዎች ይሞላሉ፣ ወንበር የሚጠብቅ ሰውም ከአቮካዶው ሥር ይቆማል። የሚመጡት ማተባቸውን ያሰሩ፣ ከመቁረሳቸው በፊት የሚያማትቡ፣ ቅቤ የነካው ማንኪያ ሽሮው ውስጥ እንዳይገባ ደጋግመው የሚያስጠነቅቁ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ጭር ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ያስቀደሱት፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ፣ ሁለትም ሦስትም ሆነው ሲገቡ ሽሮው አልቋል፣ ሱፉ አልቋል፣ ምስሩ ከድስቱ ታች ተጠራርጎ ይመጣል፤ እንጀራውም ጠርዙ ደርቋል። በአጭሩ፣ የጾም ምግብ ቤቱ በጾም ሰዓት ለሚበላ ሰው የሚያቀርበው የረባ ምግብ የለውም። ከ20 በሚበልጡት ጉብኝቶቼ ውስጥ ያገኘሁት ከባድ ጉድለት ይህ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ረመዳን የካቲት 22 ቀን፣ ሁዳዴ በገባ በስድስተኛው ቀን ጀመረ። ከአስተናጋጆቹ መካከል አንዷ፣ ሒጃቧን አጥብቃ የምታስር ቀልጣፋ ወጣት፣ ከንጋት ጀምሮ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ትሪ ስታመላልስ ትውላለች። ጠረጴዛችን አጠገብ ስትደርስ በልማዷ «የጾም ነው የፍስክ?» ብላ ትጠይቃለች፤ እኛም ቀና ሳንል «የጾም» ብለን እንመልሳለን። በመጀመሪያው ሳምንት ይህ ምልልስ ምንም አልመሰለኝም ነበር።

በደብረ ዘይት ሳምንት ረቡዕ ዕለት፣ የረመዳን የመጨረሻ ቀናት ላይ፣ ሽሮዬ መጣ። የመጀመሪያውን ጉርሻ እንዳነሣሁ የንጥር ቅቤ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ማንኪያውን አስቀምጬ ልጅቷን ጠራኋት፤ እውነቱን ለመናገር፣ ጮህኩባት። የጾመኛ ሰው ነገር መቀለጃ መሆኑን፣ ለሰው እምነት ክብር እንደሌላቸው፣ እንዲህ ያለ ቤት መዘጋት እንዳለበት ሁሉ ሰዎች እየሰሙ ተናገርኩ። ልጅቷ ትሪውን በሁለት እጇ እንደ ያዘች ዝም ብላ ካዳመጠችኝ በኋላ፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ ቀምሼ ባወቅሁት ነበር፤ ጾመኛ ነኝ» አለችኝ። ያን ቀን ሰዓቱ ሰባት ሰዓት ከ10 ነበር። እርሷ ልታፈጥር አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ቀርቷት ነበር፤ እኔ ደግሞ ከጾሙ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድሜ በጾሜ ስም እየፎከርኩ ነበር። «ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም» የሚለውን ዜማ በየዓመቱ ቆሜ እሰማለሁ። ያን ዕለት የጾመው ምላሴ ብቻ ነው፤ እርሱም ቅቤ ከመቅመስ እንጂ ከመሳደብ አልጾመም።

በኋላ እንደ ሰማሁት፣ ስሕተቱ ለፍስኩ ሽሮ የሚያገለግለው ጭልፋ በጾሙ ድስት በመግባቱ የደረሰ የወጥ ቤት ስሕተት ነበር። የትሪው ዋጋ ግን ከአስተናጋጇ ደመወዝ ተቆርጧል። ይህን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዋ ናት፣ ከዒድ በኋላ። የምግብ ቤቱን ባለቤት እትዬን አነጋገርኩ። እትዬ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅለው፣ በወሩ በ21 ንፍሮ የሚያዘክሩ፣ ለጾሙና ለፍስኩ ሁለት ማቀዝቀዣ የገዙ ጠንቃቃ ሴት ናቸው። «የሚመለስ ትሪ ከያዘው ሰው ይቆረጣል፤ ደንባችን ነው፣ ልጄ» አሉኝ። የትሪውን ዋጋ ከፈልኩና ለልጅቷ እንዲመለስላት ጠየቅኋቸው፤ ተቀብለው መዝገቡ ላይ ሰረዙት። ልጅቷን ይቅርታ ስላት «ምንም አይደል ጋሼ» ብላ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች። ደንቡ ግን እስከ አሁን አልተለወጠም፣ በዚህም ለቤቱ ከምሰጠው ነጥብ እቀንሳለሁ። ማቀዝቀዣ ለይቶ የሠራተኛን ደመወዝ ያለ ጥፋቷ መቁረጥ፣ ወንጌል ከእንስላልና ከከሙን አሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን ስለሚተዉት ሰዎች የሚናገረውን ያስታውሳል። ያን ቀን ከሙኑ በሽሮው ውስጥ ነበር፤ ፍርዱና ምሕረቱ ከእኔም ከቤቱም ዘንድ ጠፍቷል።

እዚህ ላይ መራጭነት፣ ከሕጉ የሚመቸውን ብቻ መያዝ፣ የዘመናችን ክርስቲያን በሽታ ነው ብሎ በጅምላ መፍረድ ይቀላል፤ እኔ ግን በሁሉ ነገር አልስማማም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ዕረፍት ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለጉዳይ በር ላይ ተሰልፎ እያለ ጸሐፊው ለምሳ ሊወጣ አይችልም፤ ያልበላ እስከ 11 ሰዓት ተኩል መቆየቱ ነው። ለገበሬና ለደብተራ የተመቸው ሰዓት ለሒሳብ ሠራተኛ አልተመቸም። ቤተ ክርስቲያንም ይህን የምታውቅ ይመስለኛል፤ ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ በጉልበቱ ለሚያድር ሰው የንስሐ አባት እንደ አቅሙ የሚያዝበት መንገድ አለ። የእኔ የንስሐ አባት ስጠይቃቸው «እስከ ሰባት ሰዓት ከቻልክ ቆይ፤ ረቡዕና ዓርብ ግን ወደ ዘጠኝ አድርሰው» ብለውኛል። ይህ መምረጥ አይባልም፣ ፈቃድ ነው፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። ሰው አቅሙን ተናግሮ ሌላ ሰው ሲመዝንለት አንድ ነገር ነው፤ የምግብ ዝርዝር እንደ ያዘ ደንበኛ ራሱ አንብቦ፣ ራሱ መርጦ፣ ራሱ ሲያጸድቅ ሌላ ነገር ነው። ችግሩ አብዛኞቻችን የንስሐ አባት ያለን በለቅሶና በጠበል ጠዲቅ ዕለት ብቻ መሆኑ ነው። ሰዓቱን ማን እንደ ፈቀደልን ብንጠየቅ የምንጠራው ስም የለንም። እኔም የጮህኩበት ቀን ረቡዕ እንደ ነበር አልዘነጋሁትም።

በጠረጴዛችን የሚቀመጥ አንድ የወንጌላውያን አማኝ የሥራ ባልደረባ አለኝ። እርሱ የሚያዘው ከፍስኩ ገጽ ነው፤ እኛ ሱፍ ስናዝ እርሱ ጥብስ ያዝዛል፣ የእግዚአብሔር መንግሥት መብልና መጠጥ አይደለችም ሲልም በጨዋታ ይነካካናል። ጥቅሱ ትክክል ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ግን በአጥር ወሰን ምክንያት አብሮት የሚያመልክ ወንድሙን ፍርድ ቤት አቁሞታል። ይህን የጻፈው ያው ሐዋርያ ጳውሎስ ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት ሊከስስ እንደማይገባ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት መናገሩን ሳስታውሰው፣ ሥጋውን ማኘኩን አቁሞ ሳቀና «እሱን ምዕራፍ ገና አልደረስኩበትም» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ስለ ቅቤ ያለውን አጥብቄ ስለ ሰዓቱ ያለውን ትቻለሁ፤ እርሱ ስለ መብል ያለውን ይዞ ስለ ክስ ያለውን አልፎታል። ከእኛ ወገን ይልቁን የሚገርመው የቁርባን ነገር ነው፤ ለአንድ ማንኪያ ቅቤ ትሪ የምንመልስ ጎልማሶች 18 ሰዓት ጾሞ መቁረቡን ለሕፃናትና ለሽማግሌዎች ትተን፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ደጀ ሰላሙን ተሳልመን እንወጣለን። ሳንቀር የምንገኘው ቀብር ላይ ነው፤ ቀብር ላይ ያልተገኘን እድሩ ይቀጣዋልና።

ወደ ምግብ ቤቱ ልመለስ። ከበያይነቱ ቀጥሎ ልታዝዙት የሚገባው ቡናው ነው። ፍሬው ከሊሙ በኩል የሚመጣ መሆኑን ቡና አፍይዋ ትናገራለች፤ እዚያው ተቆልቶ፣ እዚያው ተወቅጦ፣ አቦሉ ከጤና አዳም ጋር ይቀርባል። በሁዳዴ ጠዋት ይህ የቡና ጥግ ከማንኛውም ጠረጴዛ ቀድሞ ይሞላል፤ «ቡና ምግብ አይደለም» የሚለው ፍርድ በጅማ ይግባኝ የለውም። በዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማሰብ የሚገባው አንድ ታሪክ አለ። ቡና በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ ለረጅም ዘመን የእስላም መጠጥ ተብሎ የተነወረ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና በመጠጣታቸው፣ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ በመድከማቸው ነገሩ እየላላ መጣ። የዛሬዎቹ ቀዳሾች ከቅዳሴ በኋላ በየማኅበሩ የሚጠጡት ቡና፣ ለአያት ቅድመ አያቶቻቸው ነውር ነበር ማለት ነው። ይህን የማነሣው ከሕጉ የተለወጠው የቱ፣ ሕግ ሳይሆን ልማድ የነበረውስ የቱ እንደሆነ ሳይለዩ «የድሮ ሰው ሁሉን ይጠብቅ ነበር» ማለት እንደማያስኬድ ለማሳየት ነው። የድሮውም ሰው ይመርጥ ነበር፤ ምርጫው ግን በመንደሩ ሙሉ አንድ ዓይነት ስለነበር ምርጫ አይመስልም ነበር።

ዓሣን በተመለከተ ለአንባቢ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የምግብ ዝርዝሩ የተጠበሰ ቆሮሶን በጾም ገጽ ላይ አስፍሮታል፤ ዓሣው ከግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ የመጣ ነው ይሉናል። በጾም ዓሣ የሚበሉ ምእመናን ብዙ ናቸው፤ መምህራን ደግሞ በተለይ በዐቢይ ጾም እንደማይበላ ያስተምራሉ። ክርክሩን እዚህ አልፈታውም። ነገር ግን ዓሣ የማይበላ ጾመኛ ማወቅ ያለበት፣ ሳምቡሳውና ድንች ጥብሱ ዓሣው በተጠበሰበት ዘይት እንደሚጠበሱ ነው። ስጠይቅ አልካዱኝም። ለቅቤ ጭልፋ ለይቶ ለዓሣ መጥበሻ አለመለየት ከዚህ ቤት የማይጠበቅ ቸልታ ነው።

ቤቱ በሌሎቹ አጽዋማት ሌላ መልክ አለው። በሰኔ፣ በሐዋርያት ጾም፣ ሁለተኛው ገጽ ከዝርዝሩ ይነሣል፤ ሽሮና በያይነቱ ብቻ ይቀራሉ፣ ሱፍ ፍትፍት ጭራሽ የለም። ምክንያቱን ስጠይቅ «እሱ የቄስ ጾም ነው፣ ማን ይመጣል?» ተባልኩ። ይህ አባባል በከተማው ሁሉ የተለመደ ነው፤ ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ መሆኑ ተረስቶ ለካህናት ተሰጥቷል። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ሲገባ ግን ሕፃናት ሳይቀሩ ስለሚጾሙ ሁለተኛው ገጽ ይመለሳል፣ ኬኩም በመስታወቱ ውስጥ ይደረደራል። የየጾሙን ክብደት በእኛ ልብ ውስጥ ለመለካት የሚፈልግ ጥናት ማካሄድ አያስፈልገውም፤ የዚህን ቤት የምግብ ዝርዝር በየወሩ ቢያይ ይበቃዋል።

ቅዳሜና እሁድ ጠዋት መሄድ ለሚፈልግ፦ በዐቢይ ጾም በእነዚህ ሁለት ቀናት፣ ከቀዳም ሥዑር በቀር፣ የሰዓት ጾም ስለሌለ ከቅዳሴ መልስ መብላት ይቻላል። ጠዋት ላይ ያለ ቅሬታ መብላት የምንችለው በእነዚህ ቀናት ነበር፤ ምግብ ቤቱ ግን እሁድ የሚከፈተው አራት ሰዓት ላይ ነው። ፉሉ መልካም ነው፣ ፍርፍሩ ቅባት ይበዛበታል።

በር ላይ ስላለው ነገር አንድ ቃል ልጨምር። ከምሳ ሰዓት በኋላ የሚመጡ ሦስት አራት ልጆች አሉ፤ ትራፊ ይጠብቃሉ። ዘበኛው ደንበኛ ሲበዛ ያርቃቸዋል፣ ደንበኛ ሲያንስ ያስገባቸዋል። ጾመኛ ሳይበላ ያስቀረውን ለድኻ ይሰጣል የሚለው ትምህርት ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነው። በዚህ ቤት ሒሳብ ግን ማንም ምንም አላስቀረም፤ ከ180 ብሩ በያይነቱ የአኩሪ አተሩ ክትፎ እጥፍ ይበልጣል፣ ከክትፎው ላይ የጾም ማኪያቶው 60 ብር ይጨመራል፣ ስለዚህ ለልጆቹ የሚተርፈው ከትሪው ጠርዝ ያለው እንጀራ ነው። እትዬ ራሳቸው ማታ ማታ የተረፈውን ወጥ በላስቲክ ዕቃ እየሞሉ እንደሚሰጧቸው አይቻለሁና ይህም ይመዝገብላቸው።

በአጠቃላይ ከአምስት ኮከብ ለምግቡ አራት ተኩል፣ ለንጽሕናው አራት፣ ለሠራተኛ አያያዙ ሁለት እሰጣለሁ። ለሰዓቱ የምሰጠውን ከመወሰኔ በፊት እትዬን አነጋገርኳቸው።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚመጣ ሰው ለምን ሽሮ ያጣል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ በዚያ ሰዓት የሚመጣው አራት ሰው ነው። ለአራት ሰው እሳት አላነድም፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የሚመጣው 60 ነው።»

«ቢቀመጥላቸውስ?»

«የጾሙ ሰዓት እሱ መሆኑን እኔም አላጣሁትም። እኔ የምቀቅለው በሚመጣው ሰው ልክ ነው።» ጥቂት አሰቡና፣ ከስምንት ሰዓት በፊት ስልክ ከደወልኩ በስሜ አንድ ሙሉ በያይነት፣ ሱፉም ጭምር፣ ተከድኖ እንደሚቆይልኝ ቃል ገቡ። ለሌላም ሰው እንዲሁ እንደሚያደርጉ ነግረውኛል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለመብላት የምታስቡ ይህን ተጠቀሙበት።

ቃላቸውን ጠብቀዋል። በሕማማት ሳምንት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ስለነበር ሁለት ቀን ደወልኩ። ሰኞ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ደርሼ፣ ትኩስ ሽሮና ያልደረቀ እንጀራ ቀረበልኝ፤ በዚያ ቤት ከበላሁት ሁሉ የሚበልጥ ምሳ ነበር። ማክሰኞም በአምስት ሰዓት ደውዬ አስቀመጥኩ። ሰባት ሰዓት ላይ በዚያ በኩል ሳልፍ የቁሌቱ ሽታ እስከ መንገድ ወጥቶ ነበር። ገባሁ። ልጅቷ አየችኝ፣ ሰዓቷንም አየች፤ ምንም ሳትል ሄዳ በስሜ የተከደነውን ትሪ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። በላሁት።